ግፊታችን ይለካል፤ እስትንፋሳችንስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሄድ አዋቂ ሰው፣ የሄደበት ጉዳይ ራስ ምታትም ይሁን የጨጓራ ሕመም፣ ካርድ አውጥቶ ተራው ሲደርስ በቅድሚያ የሚጠብቀው ክንዱ ላይ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ ነው፡፡ ልማዱ መልካም ነው፡፡ በዚሁ ልማድ የተነሳ ዛሬ በፒያሳ ካፌዎች ጨዋታ መሀል ‹‹የእኔ መቶ አርባ በዘጠና ነው›› ብሎ ቁጥሩን የሚናገር ሰው ማግኘት አያስቸግርም፡፡ ያው ሰው ግን ለዓመታት ሲያስለው ቢኖር፣ ከራስ መኰንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ሦስት ቦታ ቆሞ ካልሆነ መጨረስ ቢያቅተው፣ የእስትንፋሱን ቁጥር የሚነግረው የለም፡፡ የሚሰጠው ስም ብቻ ነው፡- ‹‹አስም››፣ ‹‹ብሮንካይት››፣ ‹‹ብርድ››፣ አለዚያም ‹‹ዕድሜ››፡፡

አገራችንም ስለ ራሷ የምታውቀው በዚሁ ልክ ነው፡፡ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል፡፡ ስኳርና ኮሌስትሮልም ተለክተዋል፡፡ የሳንባ አቅም ግን በዚያ ጥናት አልተለካም፡፡ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ነው፡፡ የሳንባን አቅም መለካት የቅንጦት ምርመራ አይደለም፡፡ ሳይለካ የሚሰጥ ሕክምና ለሕመምተኛው ኪስም፣ ለሰውነቱም፣ ለአገሪቱ የመድኃኒት ወጪም የከፋ ኪሳራ ነው፡፡

የበሽታው ማንነት

ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የአየር ቧንቧዎች ለዓመታት በጭስና በአቧራ ተቆጥተው የሚጠቡበት፣ የአየር ከረጢቶችም የሚፈርሱበት ሕመም ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል፡፡ ይህም በዓለም ላይ ከሞት መንስዔዎች አራተኛው ያደርገዋል፡፡ ዕድሜያቸው 70 ሳይሞላ በበሽታው ከሚሞቱት 90 በመቶ ያህሉ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው፡፡

ከአስም የሚለየው ዋናው ነገር የጠበበው ቧንቧ ተመልሶ አለመከፈቱ ነው፡፡ አስም ያለበት ሰው ሕመሙ ሲነሳበት ይጨነቃል፣ ሲያልፍለት ግን ከሞላ ጎደል እንደ ጤነኛ ይተነፍሳል፡፡ ሲኦፒዲ ያለበት ሰው እፎይታው እያጠረ፣ የሚሄደው መንገድ እያነሰ ይመጣል፡፡ ሁለቱም ያስላሉ፣ ሁለቱም ደረት ውስጥ ሲር ሲር ይላሉ፡፡ በጆሮ ብቻ ሊለያቸው የሚሞክር ሐኪም ቢሳሳት አይፈረድበትም፡፡

ስህተቱን የሚያባብሰው ሌላ ነገርም አለ፡፡ ብዙዎቻችን ይህን በሽታ የሲጋራ በሽታ አድርገን ነው የምናውቀው፡፡ በሀብታም አገሮች እውነት ነው፤ ከሕሙማኑ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሲጋራ የመጡ ናቸው፡፡ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ግን የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሴቶች መካከል ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም፡፡ ስለዚህ ‹‹ሲጋራ ያጨሳሉ?›› ብሎ ጠይቆ ‹‹አላጨስም›› የሚል መልስ ሲያገኝ በሽታውን ከሐሳቡ የሚያወጣ ሐኪም፣ በእኛ አገር ዋነኞቹን ሕሙማን ያልፋቸዋል፡፡ ጥያቄው ‹‹ስንት ዓመት ምድጃ ሥር ተቀመጡ?›› መሆን አለበት፡፡

አራዳና ጭሱ

ያደግኩት ሠራተኛ ሰፈር ነው፡፡ የፒያሳን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ወርቅ ቤቶቹ፣ ስለ ሲኒማዎቹ፣ ስለ ኬክ ቤቶቹ ይጽፋሉ፡፡ ከዋናው መንገድ ጀርባ ግን ሌላ ፒያሳ ነበር፡፡ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱ በኋላ አንድ ግቢ ለብዙ አባወራ ተሸነሸነ፡፡ መኖሪያው አንድ ክፍል፣ ማድ ቤቱ የጋራ ሆነ፡፡ ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ ተጭኖ በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ በኩል የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ነበር የሚያልቀው፡፡ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ፣ ጠላ የሚጠምቁ፣ አረቄ የሚያወጡ እናቶች ቀናቸውን የሚያሳልፉት መስኮት በሌለው በዚያ ክፍል ነው፡፡ በአንዳንዱ ጓሮ ደግሞ የወርቅ ሠሪው አሲድና የእሳት ጭስ ነበር፡፡

ጉዳዩ የትዝታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በአዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች በ59 ቤቶች የተደረገ ልኬት፣ በእንጨትና በከሰል በሚያበስሉ ቤቶች ውስጥ በ24 ሰዓት የተለካው ደቃቅ ብናኝ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ1,100 ማይክሮግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት የፈቀደው 15 ነው፡፡ ይበልጥ የሚያስገርመው በጥናቱ ንጹሕ ኃይል ይጠቀማሉ የተባሉት ቤቶችም ከ300 በላይ መሆናቸው ነው፡፡ እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ግድግዳ በተጋሩ ቤቶች መካከል የጎረቤት ጭስ የጎረቤት ሆኖ አይቀርም፡፡ የቡናው ከሰልና ዕጣኑም ሲጨመር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት የቻለችው እናት ሳንባም አልዳነም፡፡

ይህ ሁሉ በሳንባ ላይ ምን እንዳደረሰ በመሣሪያ የለኩ ተመራማሪዎችም አሉ፡፡ በጉራጌ ዞን አበሽጌ ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች ወደ 18 በመቶ በሚጠጉት ላይ በሽታውን አግኝቷል፡፡ የአንድ ወረዳ ውጤት ለመላ አገሪቱ አይቆጠርም፡፡ ነገር ግን ያ ወረዳ የታወቀው ስለተለካ ነው፡፡

በሁለተኛ ደረጃ የሳንባ ነቀርሳ አለ፡፡ በእንጦጦ ሥር ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለዓመታት የነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሕክምናም በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው እዚያ ነው፡፡ ነቀርሳው ይድናል፣ ካርዱ ይዘጋል፡፡ በሳንባው ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ትንፋሽ ማሳጠሩን ሊቀጥል ይችላል፡፡ ሕመምተኛው ተመልሶ ሲመጣ አክታው እንደገና ይመረመራል፣ ‹‹ነጻ ነህ›› ይባላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፡፡ አክታው ነጻ ነው፤ እርሱ ግን መተንፈስ አቅቶታል፡፡

ምርመራው ምን ይመስላል?

ስፓይሮሜትር የሚባለው መሣሪያ አዲስ ግኝት አይደለም፡፡ ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው፡፡ የዛሬዎቹ በእጅ የሚያዙ ናቸው፡፡ ተመርማሪው አፍንጫው ተቆንጥጦ፣ አየር እስኪሞላ ስቦ፣ በቱቦው ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይተነፍሳል፡፡ ሳያቋርጥ ቢያንስ ስድስት ሰከንድ መንፋት ይጠበቅበታል፡፡ ሦስት ጥሩ ሙከራ ከተገኘ በኋላ ሳልቡታሞል ተስቦ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተጠብቆ፣ እንደገና ይነፋል፡፡

መሣሪያው የሚያነጻጽረው ሁለት ነገር ነው፡- በጠቅላላ የወጣውን አየርና በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ የወጣውን፡፡ አፈ ሰፊ ጀሪካንና አፈ ጠባብ ጀሪካን እኩል ውኃ ቢይዙም እኩል ፈጥነው አይቀዱም፡፡ ከመድኃኒቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ አየር መውጫው ጠቧል ማለት ነው፡፡ ከዚያ ቀጥሎ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር፣ ለሰውየው ዕድሜ፣ ጾታና ቁመት ይገባል ከሚባለው ጋር ተነጻጽሮ የሕመሙ ክብደት ይታወቃል፡፡

እዚህ ላይ ለባለሙያዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፡፡ ብዙ መሣሪያዎች ሥራ ሲጀምሩ የተመርማሪውን ዘር ይጠይቃሉ፡፡ ‹‹ጥቁር›› ተብሎ ከተመዘገበ የሚጠበቅበትን የሳንባ አቅም አስቀድመው ዝቅ ያደርጉታል፡፡ የዚህ ሐሳብ ሥር በአሜሪካ የባርነት ዘመን ሐኪሞች ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፡፡ ውጤቱም የታመመን ሳንባ ከሆነው በላይ ጤነኛ አስመስሎ ማሳየት ሊሆን ይችላል፡፡ የአሜሪካ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን የማይለይ ስሌት እንዲሠራበት መክሯል፡፡ መሣሪያ ስንገዛ ይህን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፡፡

‹‹ራጅ ተነስቼ የለም ወይ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ራጅ ነቀርሳን፣ የሳንባ ምችን ወይም ዕጢን ለማየት ይጠቅማል፤ የአየር ቧንቧ መጥበብን ግን በጊዜው አያሳይም፡፡ ከኮሮና ወዲህ የተለመደው በጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያም ስፓይሮሜትርን አይተካም፡፡ የሳንባው አቅም በግማሽ የወረደ ሰው ቁጭ ባለበት የኦክስጅን ልኬቱ ደኅና ሊሆን ይችላል፡፡ ከዚህም ሌላ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፡፡ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ የጤነኛው ሰው ልኬትም በመጠኑ ዝቅ ይላል፡፡

ያለ ልኬት የሚከፈለው ዋጋ

አክስቴ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግረው አስረክበዋል፡፡ ሲጋራ በእጃቸው ይዘው አያውቁም፡፡ ለሰባት ዓመት ‹‹አስም ነው›› ተብለው፣ የሳልቡታሞል ክኒን፣ ሲብስባቸው ፕሬድኒሶሎን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አንቲባዮቲክ ይታዘዝላቸው ነበር፡፡ የሄዱባቸውን የጤና ተቋማት መጥቀስ አያስፈልገኝም፤ የአንዱ ብቻ ጥፋት አይደለምና፡፡ ክኒኑ እጃቸውን ያንቀጠቅጣል፣ ልባቸውን ያስመታል፡፡ ፕሬድኒሶሎኑ ስኳራቸውን ከፍ አደረገው፡፡ ለነቀርሳ ሦስት ጊዜ አክታ ሰጥተዋል፡፡ በሰባተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ለስፓይሮሜትር ላካቸው፡፡ ባለሙያዋ ‹‹እማማ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቋርጡ›› እያለች ያስነፋቻቸው ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፡፡ ከመድኃኒቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 52 በመቶ፣ ከሚጠበቅባቸው ደግሞ 46 በመቶ ነበር፡፡ በዓለም አቀፉ መመዘኛ ከ50 በታች ‹‹ከባድ›› የሚባለው ደረጃ ነው፡፡

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሕክምና የሚያስደንቅ አልነበረም፡፡ ለዚህ በሽታ መሠረቱ የአየር ቧንቧን ረዘም ላለ ሰዓት ከፍተው የሚያቆዩ፣ ተስበው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው፡፡ ቲዮትሮፒየም የተባለውን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፡፡ በአስም ዋነኛ የሆነው የሚሳብ ስቴሮይድ በሲኦፒዲ ለሁሉም አይታዘዝም፤ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ ለሚነሳባቸው ነው፡፡ ሕመሙ ሲነሳ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎንም ለወራት የሚዋጥ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት አምስት ቀን መውሰድ ከአሥራ አራት ቀን እንደማያንስ አሳይቷል፡፡ ‹‹የሚሳብ መድኃኒት ከጀመሩት አይለቅም›› የሚለው የሰፈር ወሬም መሠረት የለውም፡፡ የማይለቀው በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፡፡

በትክክል መሳብ ለሚቸግራቸው መድኃኒቱን አጠራቅሞ የሚያቀብል ዕቃ ያስፈልጋል፡፡ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሥራ፣ አስም በተነሳባቸው ሕፃናት ላይ ግማሽ ሊትር የምትይዝ የላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ዕቃ እኩል እንደምትሠራ አሳይተዋል፡፡ በቀን በቀን መራመድና ጡንቻን ማጠንከርም የሕክምናው ክፍል ነው፤ አይድንም ለተባለ ሰው ኑሮን የሚያቀልለት ይህ ነው፡፡ ኦክስጅን በቤት የሚታዘዘው ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ ለወረደባቸው ብቻ ነው፡፡ የሚያጨስ ሰው ማቆሙ ደግሞ ከሁሉም መድኃኒት ይበልጣል፡፡

አክስቴ አልዳኑም፡፡ ይህ በሽታ ድኖ የሚጠፋ አይደለም፡፡ ነገር ግን የማያስፈልጋቸውን ክኒን ቀስ በቀስ ትተው፣ የሚያስፈልጋቸውን ይዘው፣ ለገበያ ወጥተው የሚመለሱ ሰው ሆነዋል፡፡ ልዩነቱን ያመጣው ውድ መድኃኒት ሳይሆን የአንዲት ወረቀት ውጤት ነው፡፡

አሁን ለምን?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ሌሎች ቤቶች ተዛውሯል፡፡ በሰፈሩ መፍረስ ላይ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም፡፡ የጋራ ማድ ቤቱ ጭስ ቀርቶ ከሆነ እሰየው ነው፡፡ ግን ከሠላሳ ዓመት ጭስ በኋላ የጠበበ ሳንባ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ተዛውሯል፡፡ ካርዱ ግን ቀድሞ በሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ቀርቷል፡፡ ብዙው ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለውም፡፡ አራተኛ ፎቅ ለጤነኛ ሰው የዕጣ ጉዳይ ነው፤ እንደ አክስቴ ላለ ሰው ግን ከቤት የመውጣትና ያለመውጣት ጉዳይ ነው፡፡ በእጁ የስፓይሮሜትር ውጤት የያዘ ሕመምተኛ ምድር ቤት ይሰጠኝ ብሎ ለመጠየቅ ማስረጃ አለው፡፡ ያልተለካ ሰው ያለው ‹‹ይደክመኛል›› የሚል ቃል ብቻ ነው፡፡

ወጪውም ጊዜ አይሰጥም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ ፋርማሲ የገባ ያውቀዋል፡፡ እንዲህ በከበደ ገንዘብ የተገዛን መድኃኒት በግምት ማዘዝ አባካኝነት ነው፡፡ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚጨምረው የኤሌክትሪክ ታሪፍም ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ቤተሰብ ወደ ከሰል እንዳይመልሰው እሰጋለሁ፡፡ በታሪፉ ላይ የሚወስኑ ሰዎች ምጣዱን እንደ ጤና ጉዳይም ቢያዩት እላለሁ፡፡

‹‹ሐኪሙ የት አለ?›› የሚለው መከራከሪያ እንደ ድሮው አያስኬድም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ለሁለት ዓመት የሚሰጥ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሥልጠና አለ፤ የሳንባ ስፔሻሊስቶች በአገር ውስጥ እየወጡ ነው፡፡ የጎደለው ከእነርሱ በታች ያለው ደረጃ ነው፡፡ በጤና ጣቢያ የደም ግፊት መለኪያ የተለመደ ዕቃ ሲሆን ስፓይሮሜትር ግን የለም ማለት ይቻላል፡፡

በየጤና ጣቢያው ስፓይሮሜትር ይቀመጥ አልልም፡፡ መሣሪያው በሦስት ሊትር ሲሪንጅ ልኬቱ መረጋገጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማጣሪያው መቀየር፣ የሚያስነፋው ባለሙያም መሠልጠን አለበት፡፡ ያለበለዚያ እንደ ብዙ ዕቃዎቻችን መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል፡፡ የሚቻል መንገድ ግን አለ፡፡ በኔፓል፣ በፔሩና በኡጋንዳ ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ አጭር መጠይቅና ፒክ ፍሎ የሚባለው ርካሽ የእጅ መለኪያ ማን ወደ ስፓይሮሜትር መላክ እንዳለበት ለመለየት እንደሚረዱ አሳይቷል፡፡ በሽታው ከተገኘባቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት ስለ ሕመማቸው አያውቁም ነበር፡፡ ፒክ ፍሎ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ከሚያስፈልጉ ዕቃዎች ጋር የዘረዘረው መሣሪያ ነው፡፡

ስለዚህ ለአራዳ ክፍለ ከተማም ለከተማው ጤና ቢሮም የሚከብድ ነገር አይደለም የምጠይቀው፡፡ በየጤና ጣቢያው ግፊት በሚለካበት ወንበር ላይ ‹‹ዳገት ያደክምዎታል? ስንት ዓመት በጭስ ውስጥ ሠርተዋል?›› የሚሉ ጥያቄዎችና አንድ ፒክ ፍሎ ይጨመሩ፡፡ እንደ ራስ ደስታ ዳምጠውና የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች በየሥራ ቀኑ ስፓይሮሜትር የሚያሠራ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ፡፡ የነቀርሳ መድኃኒት ጨርሶ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት ሳንባው ይለካ፡፡ የሚሳቡት መድኃኒቶችም እንደ ግፊትና ስኳር መድኃኒት ሳይቋረጡ በመንግሥት ፋርማሲ ይገኙ፡፡

የዓለም ጤና ጉባዔ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ሳንባ ጤና የተቀናጀ አሠራር የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፡፡ ውሳኔው ጄኔቫ ውስጥ በወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ፋይዳው የሚለካው ግን እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ያስተማረች አንዲት እናት በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ‹‹ትንፋሽ ያጥረኛል›› ስትል በሚሰጣት መልስ ነው፡፡ ‹‹ብርድ ነው›› ከመባሏ በፊት፣ ስድስት ሰከንድ ያህል ትንፋ፡፡